ጥጃ የሌለው መንጋ፦ የዕጣን ዛፍ ጤንነትና የምርምሩ ታሪክ

ዕጣን በኢትዮጵያዊ ኑሮ ውስጥ የማይገባበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል። በቤተ ክርስቲያን በጽና ላይ ይታጠናል፤ ቡና ሲፈላ ከፍሙ ላይ ጣል ይደረጋል፤ አራስ ሲጠየቅም ሆነ ሠርግ ሲደገስ ቤቱ በዕጣን ጢስ ይታወዳል። ይሁን እንጂ ዕጣን ከገበያ ገዝቶ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው፣ ያንን ዕጣን ያወጣውን ዛፍ በዓይኑ አይቶት የማያውቅ መሆኑ የተለመደ ነው። ዛፉ የሚበቅለው ከመንገድ በራቀ፣ ድንጋያማና ሞቃታማ በሆነ ቆላ ነውና።

በሰሜንና በሰሜን ምዕራብ የአገራችን ክፍል የሚመረተው ነጭ ዕጣን የሚገኘው ሊቃውንት ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ብለው ከሚጠሩት ዛፍ ነው። በትግራይ መቀር ይባላል። "ፓፒሪፌራ" ማለት ወረቀት ተሸካሚ ማለት ሲሆን፣ ስሙ የተሰጠው የዛፉ የላይኛው ቅርፊት እንደ ስስ ወረቀት እየተላጠ የሚነሳ በመሆኑ ነው። በመተማ፣ በቋራ፣ በሁመራ፣ በአበርገሌና በተከዜ ሸለቆ፣ እንዲሁም በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቆላማ ስፍራዎች ይገኛል። ከኢትዮጵያ ውጭ በኤርትራና በሱዳን በስፋት ይበቅላል። በበጋ ቅጠሉን ሙሉ በሙሉ ያራግፋል፤ ክረምት ሲገባ ይለመልማል። ዕጣኑን የሚሰጠው ግን ራቁቱን በሚቆምበት በበጋው ወራት ነው።

ይህንን ዛፍ በተመለከተ ኢትዮጵያውያንና የጎረቤት አገር ተመራማሪዎች ለዶክትሬት ዲግሪያቸው ማሟያ ያካሄዷቸው ጥናቶች ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አንዱ በሌላው ላይ እየተገነባ ሄዷል። ጥናቶቹ የደረሱበት ውጤት ዕጣን ለሚሰበስቡ የኅብረት ሥራ ማኅበራትም ሆነ ደኑን በኃላፊነት ለሚያስተዳድሩ የወረዳና የቀበሌ አካላት በቀጥታ የሚመለከት ነው። አብዛኛው ግን የታተመው በውጭ ቋንቋ በመሆኑ ወደ አርሶ አደሩ ጆሮ የደረሰው በጣም ጥቂቱ ነው።

ከፑንት እስከ መተማ

የዕጣን ንግድ ዕድሜው ረጅም ነው። ከዛሬ 3500 ዓመታት ገደማ በፊት የግብፅ ንግሥት የነበረችው ሃትሼፕሱት ፑንት ወደሚባል አገር መርከቦች ልካ ዕጣንና ከነሥራቸው የተነቀሉ የዕጣን ዛፎችን እንዳስመጣች፣ ደይር ኤል ባህሪ በሚባለው ስፍራ ባሠራችው ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ የተቀረፀው ሥዕል ያሳያል። ፑንት በትክክል የት እንደነበረች ሊቃውንት ቢከራከሩም፣ በቀይ ባሕር ደቡባዊ ክፍልና በአፍሪቃ ቀንድ አካባቢ እንደነበረች አብዛኞቹ ይስማማሉ። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አዱሊስን የጎበኘው ኮስማስ የተባለው ነጋዴም ስለ ዕጣን አገርና ስለ ንግዱ ጽፎ አልፏል። ዛፍን ከነሥሩ ነቅሎ በመርከብ መውሰድ ያን ጊዜም የታሰበ ነገር መሆኑ ያስገርማል፤ ዛሬ ሰው ዛፉን ተክሎ ለማሳደግ ምን ያህል እንደሚቸገር ወደ ኋላ ይታያልና።

መተማን ብዙ ሰው የሚያውቃት አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. በወደቁበት ጦርነት ነው። ነገር ግን መተማ ከዚያም በፊት ከሱዳን ጋር የሚደረገው ንግድ ትልቅ በር ነበረች። በዙሪያዋ ያለው ቆላ በወባና በሙቀቱ ምክንያት ለረጅም ጊዜ ነዋሪው ጥቂት ስለነበር የዕጣን ደኑም ብዙም ሳይነካ ቆይቷል። ይህ ሁኔታ ቀስ በቀስ ተለውጧል። የሰሊጥ እርሻ ተስፋፋ፤ በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የሠፈራ ፕሮግራም ከደጋው ብዙ ቤተሰብ ወደ መተማና ቋራ ወረደ፤ ከብቱም በዛ። ሠፋሪው መሬት ያጣ ገበሬ ነበርና መውረዱ አያስወቅሰውም። ደኑ ላይ ያረፈው ጫና ግን ከቀድሞው ጋር የሚወዳደር አልሆነም።

ዛፉ እንዴት ይደማል

የጥናቶቹን ነገር ለመረዳት ዕጣን እንዴት እንደሚሰበሰብ ማስታወስ ያስፈልጋል። ሥራውን የሚያውቅ አንባቢ ይህንን ክፍል ሊዘልለው ይችላል።

ክረምቱ አልፎ ዛፉ ቅጠሉን ማራገፍ ሲጀምር፣ ከጥቅምት ወር ገደማ ጀምሮ፣ ለቃሚው ምንጋፍ በሚባለው ስለታም መሣሪያ ከግንዱ ላይ ትንሽ ቅርፊት ላጥ ያደርጋል። መጀመሪያ የሚላጠው በጣም ስስ ነው። ከቁስሉ ነጭ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ይወጣና አየር ሲያገኘው ይረጋል፤ ያም ዕጣን ይባላል። ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ለቃሚው ተመልሶ የረጋውን ይለቅምና ያንኑ ቁስል ጥቂት ሰፋ አድርጎ እንደገና ይልጠዋል። እንዲህ እያለ ዝናብ እስኪገባ ድረስ ይዘልቃል። በአንድ ዛፍ ላይ የሚከፈቱት ቁስሎች ብዛት እንደ ዛፉ ውፍረት የሚለያይ ሲሆን ከ6 እስከ 12 ወይም ከዚያ በላይ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የተሰበሰበው ዕጣን በመጠኑና በንጣቱ ይመረጣል፤ ድቡልቡሉና ነጩ አንደኛ ደረጃ ይወጣለታል፤ ደቃቁና የጠቆረው ወደ ታች ይወርዳል።

ለቃሚዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የአካባቢው ነዋሪዎች አይደሉም። በመተማ ደኖች ለብዙ ዓመታት ሥራውን ሲሠሩ የቆዩት ከትግራይና ከሌሎች የደጋ አካባቢዎች ለወቅቱ የሚመጡ ሰዎች ናቸው። ውኃ በሌለበት፣ ሙቀቱ በሚያቃጥልበት ደን ውስጥ ለወራት ይከርማሉ። የሚያገኙት ክፍያም ዕጣኑ በመጨረሻ ከሚሸጥበት ዋጋ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው።

ጥፋቱ የማን ነው?

የዕጣን ደኖች እየተመናመኑ መሆናቸው በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት በግልጽ መነገር ሲጀምር፣ ጣት የተቀሰረው በለቃሚው ላይ ነበር። ዛፉን አለ ቅጥ ያደማዋል፣ ዕረፍት አይሰጠውም፣ ስለዚህ ይሞታል የሚል ነው። ለዚህ አባባል ማስረጃ አልጠፋም።

ኤርትራዊው ዶ/ር ወልደሥላሴ ዑቅባዝጊ እ.ኤ.አ. በ2001 በኔዘርላንድ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ዛፉ በኤርትራ የሚገኝበትን ስፍራና ራሱን የሚተካበትን ሁኔታ የመረመረ ነው። እርሻ ሜዳውን እየያዘ ሲመጣ ዛፉ ማረሻ ወደማይደርስባቸው ገደላማና ድንጋያማ ተዳፋቶች ተገፍቶ እንደቀረ ጥናቱ ያመለክታል። ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ2006 እርሳቸው ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ውጤት ብዙዎችን አስደነገጠ። ያልደማ ዛፍ ከሚሰጠው ፍሬ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ሲበቅል፣ አዘውትሮ ከሚደማው ዛፍ ከተገኘው ፍሬ የበቀለው ከ20 በመቶ በታች ሆኖ ተገኘ። የሚደማው ዛፍ የሚያወጣው አበባና ፍሬም ያነሰ ነበር። ዛፉ ለዘሩ የሚያስቀምጠውን ስንቅ ለዕጣኑ ያወጣዋል ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ በአንድ ዛፍ ላይ የሚከፈተው ቁስል እንዲቀንስና ዛፉ የዕረፍት ጊዜ እንዲያገኝ መክረዋል።

በትግራይ በኩል ደግሞ ዶ/ር ክንደያ ገብረሕይወት እ.ኤ.አ. በ2003 በጀርመን ጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት የትግራይን የዕጣን ደኖች ሥነ ምህዳርና አያያዝ መርምረዋል። ከዚያ በኋላ በመቀሌ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ የቀጠለው ሥራ አንድ እንግዳ ነገር ይዞ መጣ። በደኑ ወለል ላይ ከዝናብ በኋላ ችግኝ ይታያል፤ አንዳንድ ስፍራ በብዛት ይታያል። የሚጠፋው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ የትግራይ ጥናት ዛፉ ራሱን መተካት ያቃተው ችግኙ ስለሚሞት እንደሆነ ለይቶ አስቀምጧል።

ዘሩ ደካማ ስለሆነ ነው ወይስ የበቀለው ስለማይተርፍ? ይህ ጥያቄ ለደን ባለሙያ ብቻ የሚተው አይደለም። ጥፋቱ የማድማት ብቻ ከሆነ መፍትሔው ለቃሚውን መቆጣጠር ይሆናል። ችግኙን የሚገድለው ሌላ ነገር ከሆነ ግን ለቃሚውን በመቆጣጠር ብቻ የሚድን ደን የለም።

ሁለት ዓመት የፈጀ ቆጠራ

በ2000ዎቹ የፈረንጆች ዓመታት አጋማሽ የዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲና የኢትዮጵያ የደን ምርምር ባለሙያዎች በፕሮፌሰር ፍራንስ ቦንገርስ አስተባባሪነት በደረቅ ቆላ ደኖች፣ በተለይም በዕጣን፣ በከርቤና በሙጫ ዛፎች ላይ ያተኮረ የጋራ ምርምር ጀመሩ። ብዙ ኢትዮጵያውያን የዶክትሬት ዲግሪያቸውን የሠሩት በዚህ ሥር ነው። የጥናት ቦታ ሆነው የተመረጡት በተለይ ሁለት አካባቢዎች ነበሩ፤ ዝቅ ያለውና ሞቃቱ መተማ፣ እንዲሁም ከፍ ያለው አበርገሌ።

ከእነዚህ ጥናቶች መካከል ለውሳኔ ሰጪው ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ዶ/ር አበጀ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ2011 ያቀረቡትና ከፒተር ግሩንንዳይክና ከሌሎች ጋር በቀጣዩ ዓመት ያሳተሙት ነው። አሠራሩ ቀላል ቢሆንም ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር። ከ10 በላይ በሆኑ የጥናት ቦታዎች፣ ገሚሱ ዕጣን በሚሰበሰብበት ገሚሱ በማይሰበሰብበት ደን፣ በሺህ የሚቆጠሩ ዛፎችና ችግኞች ቁጥር ተሰጣቸው። ለሁለት ዓመታት ስንቱ እንደሞተ፣ ስንቱ ምን ያህል እንደወፈረ፣ ስንቱ ፍሬ እንደሰጠ ተመዘገበ። አርሶ አደር መንጋውን ሲቆጥር የወለደችውን፣ የሞተችውንና የደረሰችውን እንደሚለይ ሁሉ ማለት ነው። ከዚያም በዚህ አኳኋን ቢቀጥል ደኑ ከአሥር፣ ከሃያ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ምን እንደሚመስል ተሰላ።

ውጤቱ የመጣው እንዲህ ነው። በጥናቱ ቦታዎች ሁሉ ትልልቅ ዛፎች በብዛት ይሞታሉ። ችግኝ አለ፤ ነገር ግን ከችግኝነት አልፎ ጎረምሳ ዛፍ የሆነ አንድም የለም ለማለት የሚያስደፍር ነው። ስሌቱ እንዳመለከተው ምንም ካልተለወጠ የዕጣን ዛፎቹ ብዛት በ50 ዓመት ውስጥ በ90 በመቶ ይቀንሳል፤ የዕጣን ምርቱም በ15 ዓመት ውስጥ በግማሽ ይወርዳል።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ያነጋገረው ሌላኛው ውጤት ነው። ዕጣን የሚሰበሰብበት ደንና ማንም የማይነካው ደን የሚመናመኑት በእኩል መጠን ነው። በሁለቱ ዓመታት ውስጥ የደማው ዛፍ ካልደማው ይልቅ በብዛት ሲሞት አልታየም። ይህ ማለት ማድማት ዛፉን አይጎዳም ማለት አይደለም፤ የፍሬውን ነገር ከላይ አይተናል፣ ሌላውንም ቀጥሎ እናያለን። ነገር ግን ነገ ሁሉም ለቃሚ መሣሪያውን ጥሎ ወደ አገሩ ቢመለስ እንኳ ደኑ እንደማይድን ቆጠራው አሳይቷል። የትላንቱን ጥፋት በሙሉ በለቃሚው ትከሻ ላይ መጫን ለአስተዳደር ምቹ የነበረው ያህል፣ መሠረት አልነበረውም።

ቅርፊት፣ ሥርና የዕድሜ ቀለበት

በዚያው ጊዜ ሌሎቹ ተመራማሪዎች የዛፉን ውስጣዊ ጤንነት ይመረምሩ ነበር። ዶ/ር ተፈራ መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ያጠናቀቁት ጥናት ዛፉ በክረምቱ ወራት በቅጠሉ የሚያዘጋጀውን ምግብ እንዴት እንደሚያጠራቅምና እንደሚያወጣ የተከተለ ነው። የሚደማ ዛፍ በግንዱ፣ በቅርንጫፉና በሥሩ የሚያስቀምጠው ስንቅ ካልደማው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ጎተራው በየዓመቱ የሚራገፍ ገበሬ አንድ ክፉ ዓመት ሲመጣ የሚሆነውን የሚያውቅ ሰው ይህንን ለመረዳት አይቸገርም።

ዶ/ር አበጀም በበኩላቸው የምርቱን መጠን ከማድማቱ ጋር አነጻጽረዋል። የቁስሉ ብዛት ሲጨምር ዕጣኑ የሚጨምረው እስከ ዘጠኝ ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ ቢከፈት ዛፉ ይጎዳል እንጂ ለሰብሳቢው የሚጨምረው የለም። በአንድ ወቅት ውስጥም ምርቱ እየጨመረ የሚሄደው እስከ ሰባተኛው ዙር ገደማ ነው። በደኑ ውስጥ አሥራ ሁለትና ከዚያ በላይ ቁስል የተሸከሙ ዛፎች ሲታዩ፣ ያ ሁሉ ልፋት ለማንም ትርፍ ያላመጣ መሆኑን ማሰብ ያሳዝናል።

ዶ/ር ሞቱማ ቶለራ እ.ኤ.አ. በ2013 የደረሱበት ደግሞ ለእጅ ሥራው የቀረበ ነው። ቅርፊቱን እንደ ፀጉር በቀጠነ መጠን እየሰነጠቁ በማጉያ መነጽር መርምረዋል። ዕጣኑ የሚፈስባቸው ቦዮች ቅርፊቱ ውስጥ ተዘርግተው ይገኛሉ፤ በሕይወት ያሉትና የሚሠሩት ግን ወደ እንጨቱ ተጠግተው ያሉት የውስጠኞቹ ናቸው። ወደ ውጭ የወጡት አርጅተው የተዘጉ ናቸው። እንግዲህ በወቅቱ መጀመሪያ የሚደረገው ስስ ልጠት የሚሠሩትን ቦዮች ሳይደርስባቸው ይቀራል፤ ለቃሚው ደጋግሞ መላጥ የሚኖርበትም በከፊል ለዚህ ነው። በጥንቃቄ የተለካ፣ ጥቂት ጠለቅ ያለ አነስተኛ ቁስል ከብዙ ስስ ቁስሎች የተሻለ ሊሆን እንደሚችል ጥናቱ ሐሳብ ያቀርባል። ይህ በየደኑ ገና ብዙ መፈተሽ ያለበት ነው፤ እንጨቱን እስኪነካ መቁረጥ ዛፉን መግደል መሆኑን ሁሉም ልምድ ያለው ለቃሚ ያውቃል።

የዕድሜውን ነገር ያወጡትም እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው ናቸው። የዕጣን ዛፍ በየዓመቱ በእንጨቱ ውስጥ አንድ ቀለበት ይጨምራል። በመተማ ለምለም ተራራ ከተባለው ስፍራ የተወሰዱ ግንዶች ቀለበት ሲቆጠር፣ ደኑ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አዲስ ዛፍ ያላገኘ መሆኑ ታወቀ። ዛሬ የሚደሙት ዛፎች የበቀሉት አሁን ሥራ ላይ ያለው ለቃሚ ሳይወለድ ነው። ደኑን ከሩቅ ለሚያየው ጤነኛ ይመስላል፤ ዛፎቹ ወፍራምና ቁመታም ናቸው። ጥጃ የሌለው መንጋም ላሞቹ እስኪያረጁ ድረስ ያማረ መንጋ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያገኙት ዶ/ር እምሩ ብርሃኔ ደግሞ ወደ መሬት ውስጥ ወርደዋል። ከዛፉ ሥር ጋር ተጣብቀው የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ የፈንገስ ዘሮች አሉ። እነዚህ ከአፈር ውኃና ማዕድን እየሳቡ ለዛፉ ይሰጣሉ፤ ዛፉም በምላሹ ስኳር ይሰጣቸዋል። ዝናቡ በሚቆራረጥበት ሁኔታ የተፈተኑ የዕጣን ችግኞች ከእነዚህ ፈንገሶች ጋር ሲሆኑ የተሻለ አድገዋል። በችግኝ ጣቢያ ከረጢት ውስጥ ከራሱ ከዕጣን ደኑ የተወሰደ ጥቂት አፈር ቢጨመር የሚጠቅመው ስለዚህ ነው፤ ወጪውም ከዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

እሳት፣ ከብትና ጥንዚዛ

ታዲያ ችግኙን የሚበላው ምንድን ነው? የመጀመሪያው እሳት ነው። በመተማና በቋራ ቆላ ሣሩ በበጋ ሲደርቅ በየዓመቱ ማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ይቃጠላል። እረኛ አዲስ ሣር እንዲያቆጠቁጥ ይለኩሳል፤ ገበሬ ማሳ ሲመነጥር ያመልጠዋል፤ ማር ቆራጭ ጢሱን ሳያጠፋ ይሄዳል። ትልቁ ዛፍ ወፍራም ቅርፊት ስላለው ብዙውን ጊዜ ያመልጣል። ችግኙ ግን ከመሬት በላይ ያለው አካሉ በሙሉ ይነዳል። ሥሩ ካልሞተ በክረምት እንደገና ያቆጠቁጣል፤ በጋ ሲመጣ ደግሞ ይነዳል። እንዲህ እየሆነ ለዓመታት ከሣር ሳይበልጥ የሚኖር ችግኝ አለ።

ሁለተኛው ግጦሽ ነው። የአካባቢው ከብት ብቻ ሳይሆን ከደጋው ለግጦሽ የሚወርደው መንጋም ለምለሙን ቀንበጥ ይቀነጥበዋል፤ ይረግጠዋልም። ሦስተኛው በትልቁ ዛፍ ላይ የሚመጣው ነው። ረጅም ቀንድ የመሰለ መዳሰሻ ያለው ጥንዚዛ እንቁላሉን ከቅርፊቱ ሥር ይጥላል፤ ትሉ ሲፈለፈል ግንዱን እየቦረቦረ ይገባል። ከወደቁት ዛፎች ብዙዎቹ በዚህ ዓይነት ተቦርቡረው ተገኝተዋል።

እሳትና ግጦሽ እርስ በርሳቸው የተሳሰሩ ናቸው፤ በአንድ ወገን ብቻ ለሚነሳ ሰው አደጋ አላቸው። ደኑን ከከብት ንክኪ ከልሎ መተው ሣሩን ያሳድገዋል። ያ ሣር ካልታጨደና ዙሪያው የእሳት መከላከያ መስመር ካልተቆረጠለት፣ አንድ ቀን የሚነሳው እሳት ከቀድሞው የከፋ ይሆናል። ስለዚህ የሚከለለው ደን ሣሩ ታጭዶ ለአባላት ከብት የሚሰጥበት፣ የእሳት መስመሩም በየዓመቱ ከጥቅምት በፊት የሚጸዳበት መሆን ይኖርበታል። በብዙ ወረዳዎች ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ የተከለሉ ተራሮች በዚህ መንገድ ሲያገግሙ ታይቷልና እንግዳ አሠራር አይደለም።

መትከልም አማራጭ ነው፤ ቀላል ግን አይደለም። ዘሩ ካልደማ ዛፍ ከተሰበሰበ በችግኝ ጣቢያ በደንብ ይበቅላል። ይህንን አውቆ ጥቂት ጥሩ ዛፎችን ለዘር ብቻ ሳያደሙ መተው ከማንኛውም ማኅበር አቅም በላይ አይሆንም። ከዚህም ሌላ በመተማ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ሙከራ ቅጠል የሌለውን ቅርንጫፍ ቆርጦ በመትከል ማብቀል እንደሚቻል፣ ውጤቱንም የሚወስኑት ቅርንጫፉ የሚቆረጥበት ወቅትና መጠኑ መሆናቸውን አሳይቷል። የተተከለው ሁሉ ግን ያው እሳትና ያው ከብት ይጠብቁታል።

እ.ኤ.አ. በ2019 ቦንገርስና ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የሃያ ዓመቱን ሥራ አንድ ላይ አሰባስበው አሳተሙ። በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን የሚገኙ 23 ደኖች፣ ከ21 ሺህ በላይ ዛፎች ቆጠራና የ202 ዛፎች የዕድሜ ቀለበት ተመርምሯል። ከደኖቹ ከ75 በመቶ በላይ የሚሆኑት ትንንሽ ዛፍ የሌላቸው ሆነው ተገኙ። ምርቱም በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ እንደሚቀንስ ተገመተ። በመተማ ብቻ የሚመስለው ነገር ከሦስት አገሮች ደን የተሰማ ሆነ።

ውሉና ዛፉ

የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 በ1991 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ዕጣንና ሙጫ የሚሰበስቡ ማኅበራት በትግራይና በአማራ ክልሎች ተቋቁመዋል። ደኑ የመንግሥት በመሆኑ ለማኅበርም ሆነ ለኩባንያ የሚሰጠው በፈቃድ ወይም በውል ነው። ውሉ ለአጭር ጊዜ ሲሆን የሚያመጣውን ለመገመት ምርምር አያስፈልግም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ደኑ የእርሱ እንደማይሆን የሚያውቅ ሰው ዛሬ የሚያገኘውን ያህል ያደማል፤ ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ለሚደርስ ችግኝ ጠባቂ አይቀጥርም። ስግብግብ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ውሉ እንዲያ አድርጎ ስላስቀመጠው ነው።

የአካባቢው ነዋሪ ለደኑ ግድ የለውም የሚለው አባባልም በጥናት ተፈትኖ አልጸናም። ዶ/ር መስፍን ጥላሁንና ባልደረቦቻቸው በትግራይ የገጠር ቤተሰቦችን ጠይቀው እንዳረጋገጡት፣ ቤተሰቦቹ ለዕጣን ደን ጥበቃ ከገንዘባቸው ወይም ከጉልበታቸው ለማዋጣት ፈቃደኛ ናቸው። ገንዘብ የሌለው ጉልበቱን ያቀርባል። ማኅበር ባለበት ቀበሌ ይህንን ጉልበት ለማስተባበር አዲስ መዋቅር መፍጠር አያስፈልግም፤ ለእሳት መስመር ጽዳት የሚሆን ጥቂት ቀን በዓመቱ የሥራ ዕቅድ ውስጥ ማስገባት በቂ ነው።

ከሁሉ በላይ ሳይታሰብበት የቆየው የለቃሚው ጉዳይ ነው። የዕጣን መሰብሰቢያ ወራትና የእሳት ወራት አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ከጥቅምት እስከ ዝናብ መግቢያ ይዘልቃሉ። በእነዚያ ወራት ከጠዋት እስከ ማታ ደኑ ውስጥ የሚገኘው፣ ጢስ ሲነሳ ቀድሞ የሚያየው፣ በየሁለት ሦስት ሳምንቱ እያንዳንዱን ዛፍ በእጁ የሚነካውና በጥንዚዛ የተቦረቦረውን የሚለየው ለቃሚው ነው። ከእርሱ የተሻለ የደን ጠባቂ ሊቀጠር አይችልም። ክፍያው ግን በአብዛኛው በለቀመው ኪሎ ልክ ነው፤ ስላጠፋው እሳት ወይም ረግጦት እንዳያልፍ ስለዞረው ችግኝ በሒሳብ መዝገቡ ላይ የተከፈተ አምድ የለም።